ስፕሪንግፊልድን በምን ማለፍ ይሻላል? ነጻው መንገድ፣ ኤክስፕረሱ፣ የጎን መንገዶቹና ባቡሩ ሲነጻጸሩ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከዉድብሪጅ ወይም ከሎርተን ተነስቶ ወደ አሌክሳንድርያ፣ ወደ ታይሰንስ ወይም ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሄድ ሰው ስፕሪንግፊልድ መንገዱ ላይ ይጠብቀዋል። 95፣ 395 እና 495 የተባሉት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ይህ ማሳለጫ በአካባቢው ሰው አፍ «ሚክሲንግ ቦውል» ይባላል። ማለፊያው ደግሞ አንድ አይደለም። በነጻው ረድፍ መሰለፍ፣ ለኤክስፕረስ (ከነጻው ተለይቶ ለሚሄደው ባለ ክፍያ ረድፍ) መክፈል፣ ሦስት ሆኖ በኤክስፕረስ ያለ ክፍያ መሄድ፣ በጎን መንገድ መዞር፣ ወይም መኪናውን አቁሞ ባቡር መሳፈር ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ማሳለጫውን በመፍራት ነው። ስህተቱም እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ መኪናውን የሚያቆመው በአብዛኛው ማሳለጫው ራሱ ሳይሆን ከማሳለጫው ወዲያ ያለው ጠባብ ቦታ ነው። ከየትኛው ጠባብ ቦታ ጋር እንደሚገናኙ ካወቁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አልቋል።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ መንገዱ ላይ ባሉት ሰሌዳዎች እንደሚጻፉት በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር።

ማሳለጫው ለምን ያምታታል

95 ከደቡብ፣ ከሪችመንድ ይመጣል። 495 ዋሽንግተንን የሚዞረው የቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌይ ነው። 395 ቀጥ ብሎ ወደ ፔንታጎንና ወደ ዲሲ ይገባል። የሚያሳስተው 95 ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ በዲሲ መሃል ማለፍ ነበረበት፤ ያ ዕቅድ ሲቀር በ1977 95 የሚለው ቁጥር ወደ ቤልትዌዩ ምሥራቃዊ ግማሽ ተዛወረ፤ ወደ ከተማ የሚገባው መንገድም 395 ተባለ። ስለዚህ «95 ሰሜን» የሚለውን ሰሌዳ እየተከተለ ዲሲ እገባለሁ ያለ እንግዳ ራሱን ዊልሰን ድልድይ ላይ፣ ሜሪላንድ ሊገባ ሲል ያገኘዋል። ከቁጥሩ ይልቅ የቦታውን ስም ማንበብ ያዋጣል፤ ዋሽንግተን ካለ 395፣ ታይሰንስ ካለ ወደ ሰሜን የሚያጥፈው 495፣ ባልቲሞር ካለ ወደ ምሥራቅ የሚያጥፈው 95 ነው።

ማሳለጫው ከ1999 እስከ 2007 በ676 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ አዲስ ተሠርቷል። በሰፊው ቦታ ላይ 24 ረድፍ አለው። የሥራው ዋና ዓላማ ወደ ስፕሪንግፊልድ ሰፈር የሚወጣውንና የሚገባውን መኪና ረጅም መንገድ ከሚሄደው መለየት ነበር። ቀድሞ በፍራንኮኒያና በኦልድ ኪን ሚል በኩል የገባ መኪና፣ ወደ ቤልትዌይ ሊታጠፍ ረድፍ ከሚቀይረው ጋር በአጭር ርቀት ውስጥ ይሻማ ነበር፤ ግጭት ይበዛ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን መንገዶቹ ስለተለያዩ ሽሚያው ቀንሷል። በለውጡ ግን ውሳኔው ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ረድፍ የሚመረጠው ማሳለጫው ገና ሳይታይ ነው። ከደቡብ ሲመጡ መውጫ 166ን፣ ማለትም ፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክዌይን፣ ሲደርሱ የትኛውን አቅጣጫ እንደሚይዙ ወስነው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ድልድዮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበሩ ስለሚሄዱ አጠገብ የሚታየው መንገድ የማይደረስበት ሊሆን ይችላል።

መውጫ ካመለጠ በነጭ የተሰመረውን ሦስት ማዕዘን ጥሶ መሻገር አይሞከር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ በመኪና ይፈጸማል። የሚቀጥለው መውጫ ሩቅ አይደለም። በስህተት ወደ 395 ከገቡ መውጫ 2፣ ኤድሳል ሮድ፤ በስህተት ወደ ምሥራቅ ከታጠፉ መውጫ 173፣ ቫን ዶርን ስትሪት፤ በስህተት ወደ ታይሰንስ ከታጠፉ መውጫ 54፣ ብራዶክ ሮድ ወጥተው ይመለሱ። ሦስቱም ላይ ዞሮ በመጡበት አቅጣጫ እንደገና መግባት ይቻላል።

አራቱ ጠባብ ቦታዎች

ወደ ደቡብ፦ ከስፕሪንግፊልድ የወጣው 95 አራት ነጻ ረድፍ ይዞ ይሄድና ኦኮኳን ወንዝ አካባቢ፣ መንገድ 123 ጋ፣ ሦስት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስፕሪንግፊልድ ድረስ የሚደርሰው ሰልፍ ብዙ ጊዜ ጭራው ነው፤ ራሱ ኦኮኳን ላይ ነው። ዓርብ፣ በተለይም በበጋው ወራት ዓርብ፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ይብሳል።

ወደ ምሥራቅ፦ ዊልሰን ድልድይ። አዲሱ ድልድይ ሰፊ ነው፤ የሚያዘገየው የአሌክሳንድርያ መውጫዎችና ከሜሪላንድ በኩል 210 እና 295 የሚያመጡት መኪና ነው። በዚህኛው የቤልትዌይ ክፍል ኤክስፕረስ የለም፤ ገንዘብ ቢኖርም የሚገዛ ነገር የለም።

ወደ ሰሜን ምዕራብ፦ ከታይሰንስ ወዲያ ፖቶማክን የሚሻገረው አሜሪካን ሌጅን ድልድይ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሜሪላንድ የሚሄደው ወገን እስከ ታይሰንስ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲህ ይሰለፋል። የቨርጂኒያው ኤክስፕረስ ድልድዩን አያሻግርም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ብለው በ495 ኤክስፕረስ የከፈሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ካልከፈሉት ጋር አንድ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ።

ወደ ከተማ፦ የ14ኛው መንገድ ድልድይና ከእሱ በፊት ያለው የፔንታጎን መገናኛ። ይህኛው የጠዋት ችግር ነው። ኤክስፕረስ በእውነት የሚያዋጣው ግን በዚህ አቅጣጫ ነው፤ ረድፉ እስከ ፔንታጎን ጫፍ ድረስ ተለይቶ ስለሚሄድ ሰልፉን አልፎ ያደርሳል።

በምን እንመዝን

የመጀመሪያው መስፈርት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ተብሏል። ሁለተኛው በመኪናው ውስጥ ያለው የሰው ቁጥር ነው፤ ሁለት ሰውና ሦስት ሰው እዚህ መንገድ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሦስተኛው እርግጠኝነት ነው። አማካይ ጊዜው 35 ደቂቃ የሆነ መንገድ አንዳንድ ቀን 70 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ሰዓት ለሚፈርም ሠራተኛ የሚቆጠረው 70ው ነው። አራተኛው ገንዘብ ሲሆን እሱን ከደቂቃ ጋር አዛምዶ ማየት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካርታው ላይ አንዴ ክፍያ ያለበትን መንገድ ፈቅደው፣ አንዴ ከልክለው ሁለቱን ጊዜ ያውጡ። ልዩነቱ 20 ደቂቃ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ 12 ዶላር ቢሆን አንድ ደቂቃ 60 ሳንቲም፣ አንድ ሰዓት 36 ዶላር ተገዛ ማለት ነው። በሰዓት 20 ዶላር ለሚሠራ ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ ካልደረሰ ፈረቃው ለሚሰረዝበት ወይም አውሮፕላን ለሚያመልጠው ግን ርካሽ ነው። ዕለት ዕለት ሳያስቡ የሚከፍሉት ዋጋ በወር ተደምሮ ሲመጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ሂሳቡን በወር ማየት ይበጃል።

ነጻው ረድፍ

ከጠዋቱ 6 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ በሥራ ቀን ነጻውን የሚያሸንፍ የለም። ማሳለጫው ራሱ ከተሠራ ወዲህ ቶሎ ያሳልፋል። ቀን ላይም፣ ከ10 እስከ 2 ባለው ጊዜ፣ አደጋ ከሌለ ደህና ነው። ሌሊት ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የመንገድ ጥገና የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ረድፎች፣ አንዳንዴም ሙሉ መታጠፊያዎች ይዘጋሉ። የሌሊት ፈረቃ ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገድ ሁኔታ የሚነግረውን የቨርጂኒያን 511 ማየት አለበት።

በጭንቅንቅ ሰዓት ደግሞ የሚበዛው ጉዳት ከረድፍ መቀያየር ነው። ከደቡብ ሲመጡ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ የሚወስደውን ረድፍ አስቀድመው ይዘው እዚያው መቆየት፣ ከሰልፉ ጎን ባለው ባዶ ረድፍ እስከ ጫፍ ሮጦ መግባትን ከመሞከር ይሻላል። ጫፍ ላይ የሚያስገባ ቢጠፋ ያለዎት ምርጫ ወዳልፈለጉት አቅጣጫ መሄድ ብቻ ነው።

ኤክስፕረስ፣ ብቻን ከፍሎ

ስሙ አንድ ቢሆንም እዚህ ሁለት ዓይነት ኤክስፕረስ አለ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ያስከፍላሉ።

በ495 ላይ ያለው በ2012 የተከፈተው ነው። ከስፕሪንግፊልድ ወደ ታይሰንስና ወዲያ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በሁለት ሁለት ረድፍ፣ 24 ሰዓት ክፍት ነው። ከነጻው የሚለየው በፕላስቲክ ቋሚዎች ነው።

የ95 እና 395ቱ መሃል ላይ በግንብ የታጠረና አቅጣጫ የሚቀያይር ነው። የ95ቱ በ2014፣ እስከ ፔንታጎን የሚደርሰው የ395ቱ ቅጥያ በ2019 ተከፍተዋል፤ በ2023 ደግሞ ወደ ደቡብ እስከ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ረዘመ። በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ሰሜን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ገደማ፣ አቅጣጫ ለመቀየር ይዘጋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ይዞርና እሑድ በአብዛኛው እንደዚያው ይቆያል። ከዚህ የተነሳ ቅዳሜ ማታ ከሠርግ፣ እሑድ ከቅዳሴ ወደ ዉድብሪጅ ለሚመለስ ሰው የ95 ኤክስፕረስ የለም ማለት ነው። በበዓል ቀንና በከባድ አደጋ ጊዜ ፕሮግራሙ ስለሚለወጥ የመጨረሻው ቃል የመግቢያው ሰሌዳ ነው።

ዋጋው እንደ መኪናው ብዛት በየደቂቃዎቹ ይለዋወጣል፤ ጣሪያ የለውም። ሰዓቱ ጸጥ ያለ ሲሆን ጥቂት ዶላር ነው፤ በጭንቅንቅ ሰዓት ከጫፍ ጫፍ ከ30 ዶላር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሲገቡ ሰሌዳው ላይ ያዩት ዋጋ ተቆልፎልዎታል፤ ከገቡ በኋላ ቢጨምር አይመለከትዎትም። ነገር ግን ሰሌዳው የሚያሳየው እስከተጻፈው ቦታ ድረስ ያለውን ነው። ከ95 ኤክስፕረስ ወደ 495 ኤክስፕረስ በቀጥታ የሚያገናኝ መታጠፊያ አለ፤ በዚያ ሲያልፉ ሁለተኛው ክፍያ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ብቻ አይቶ የገባ ሰው ሂሳቡ ሲመጣ የሚገረመው በዚህ ነው።

ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ የሚከፈለው መኪናው ውስጥ በሚቀመጠው የክፍያ መሣሪያ፣ በኢዚፓስ፣ ነው። የሌላ ክፍለ ግዛት ኢዚፓስም ይሠራል። ኢዚፓስ ሳይኖርዎ ከገቡ በጥቂት ቀን ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ገብተው «ያልተከፈለ ቶል» (የመንገድ ክፍያ) በሚለው በኩል ይክፈሉ፤ ፖስታ መጠበቅ ተጨማሪ ክፍያ ያመጣል፤ ችላ ማለት ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። ቅጣቱ በተደጋገመ ቁጥር እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል።

ሌላው ድክመቱ መውጫው ጥቂት መሆኑ ነው። ውስጥ ግጭት ቢደርስ የከፈለውም ይቆማል፤ ግንቡ ግራና ቀኝ ስለሆነ ማምለጫ የለም። ከመግባትዎ በፊት የሚፈልጉት መውጫ ከኤክስፕረሱ የሚደረስበት መሆኑን ያረጋግጡ። ከደቡብ መጥቶ ወደ ዊልሰን ድልድይ የሚሄድ ሰው በተለይ የት ላይ ወደ ነጻው እንደሚመለስ አስቀድሞ ካላወቀ ፔንታጎን ሊደርስ ይችላል።

ኤክስፕረስ፣ ሦስት ሆኖ

ሹፌሩን ጨምሮ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት መኪና በሁለቱም ኤክስፕረሶች አይከፍልም። በገንዘብ ሲታይ ከዚህ የሚሻል አማራጭ የለም፤ የሚበላሸው ግን በትንንሽ ነገሮች ነው።

መጀመሪያ፣ ተራው ኢዚፓስ አይበቃም። የሚያስፈልገው ማብሪያ ያለው ኢዚፓስ ፍሌክስ ነው። መሣሪያው ራሱ አይሸጥም፤ አካውንቱ ሲከፈት ለወደፊት ክፍያ የሚሆን 35 ዶላር ይቀመጥበታል። ሁለተኛ፣ ማብሪያው ወደ ኤች ኦ ቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና ወደሚለው) የሚገፋው ከመግባት በፊት ነው፤ ረስቶ ገብቶ መሃል ላይ መግፋት ገንዘቡን አይመልስም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው መስታወቱ ላይ መለጠፍ አለበት። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወይም ዳሽቦርድ መሳቢያ ውስጥ ያለን መሣሪያ አንባቢው ካላገኘው ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ ያኔ ሦስት ብትሆኑም ሙሉ ዋጋ ይቆረጣል። አራተኛ፣ ተራውንና ፍሌክሱን አንድ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ፤ ተራው ከተነበበ ይከፈላል።

ሕፃን በመቀመጫው ታስሮ ካለ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። እናትና ሁለት ልጆች ሦስት ናቸው። ሁለት ሆኖ ማብሪያውን መግፋት ግን አይሞከር፤ መሣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለፖሊስ የሚያሳይ መብራት መንገዱ ላይ አለ፤ ፖሊሱ የሚቀረው መስታወት ውስጥ መቁጠር ብቻ ነው።

ሦስተኛ ሰው ለሌለው ደግሞ የቨርጂኒያ ሰው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያቆየው ዘዴ አለ፤ «ስላጊንግ» ይባላል። መንገደኞች ዉድብሪጅ ውስጥ እንደ ሆርነር ሮድ ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥም በኦልድ ኪን ሚል አካባቢ ይሰለፋሉ፤ ሹፌሩ መድረሻውን ጠርቶ ሁለት ሰው ይጭናል። ገንዘብ አይከፈልም፣ አይጠየቅም። ተሳፋሪ ወሬ አይጀምርም፣ ስልክ አያወራም። ሰላምታ ካልሰጠሁ ነውር ነው ብሎ ለሚያድግ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል፤ ደንቡ ግን ሁሉም የሚያከብረው ነው። ጠዋት ወደ ፔንታጎንና ወደ ዲሲ በጣም ይሠራል፤ ወደ ታይሰንስ ደካማ ነው፤ ወደ አሌክሳንድርያ ምሥራቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚወጣ ሰው ሰልፉ ተበትኖ ሊጠብቀው ስለሚችል የመመለሻ አውቶቡስ ሰዓት ማወቅ አለበት።

የጎን መንገዶች

ፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክዌይ፣ መንገድ 286፣ ከ95 በመውጫ 166 ወጥቶ በምዕራብ በኩል እስከ ሬስተንና ኸርንደን ይሄዳል። ማሳለጫውን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። አንዳንድ ቦታ የትራፊክ መብራት ስላለው በጸጥታ ሰዓት ከቤልትዌይ ይዘገያል፤ ቤልትዌይ ሲቆም ግን መሄዱን አያቆምም። መድረሻዎ ፌርፋክስ፣ ሻንቲሊ ወይም ደለስ ኤርፖርት ከሆነ ይህ ትርፍ መንገድ ሳይሆን ትክክለኛው መንገድ ነው። መድረሻዎ ታይሰንስ ከሆነ ግን ብዙ አያተርፍም።

ወደ አሌክሳንድርያ ከተማ ለሚሄድ ሰው መንገድ 1፣ ሪችመንድ ሃይዌይ፣ አለ። መብራቱ ብዙ ነው፤ 95 በአደጋ ተዘግቶ ካልሆነ በጭንቅንቅ ሰዓት አይመከርም። በስፕሪንግፊልድ ሰፈር ውስጥ በባክሊክና በኤድሳል ሮድ መሹለክ በስልክ ካርታ ምክር የመጣ ልማድ ነው። አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ስድስት መብራትና የትምህርት ቤት የፍጥነት ገደብ ይገጥማል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንኑ ምክር ስለሚሰማ ትርፉ ቶሎ ይጠፋል።

ባቡርና አውቶቡስ

ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ የሜትሮ ሰማያዊ መስመር ጫፍ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ኪንግ ስትሪትን፣ ሬገን ኤርፖርትን፣ ክሪስታል ሲቲንና ፔንታጎንን አቋርጦ ወደ ዲሲ ይገባል። ታሪፉ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው፤ ከምሽቱ 9 ተኩል በኋላና ቅዳሜ እሑድ ከ2.50 አይበልጥም። የማቆሚያው ሕንፃ በሺዎች የሚቆጠር መኪና ይይዛል፤ በሥራ ቀን አምስት ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ ቅዳሜና እሑድ ነጻ ነው። ጫፍ ጣቢያ ስለሆነ ሁልጊዜ መቀመጫ ይገኛል። ድክመቱ ሁለት ነው፦ ከደቡብ የሚመጣ ሰው ጣቢያው ለመድረስ ራሱ የ95ን ሰልፍ ከፊሉን መቅመስ አለበት፤ ሌላው፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ባቡር ስለሌለ የንጋት በረራ ላለው አይሆንም።

ቪ አር ኢ የተባለው ባቡር ያንን የመጀመሪያ ችግር ይፈታል። ከፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ተነስቶ በዉድብሪጅና በሎርተን አልፎ በአሌክሳንድርያ በኩል ዩኒየን ስቴሽን ይገባል፤ በአብዛኞቹ ጣቢያዎቹ ማቆሚያ ነጻ ነው። ነገር ግን የሚሠራው በሥራ ቀን ብቻ፣ በዋነኛነት ጠዋት ወደ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ነው። የሆስፒታል፣ የሆቴል ወይም የሱቅ ፈረቃ ላለው ሰው አይመችም፤ ቢሮ ለሚገባ ግን ከሁሉም የበለጠ ሰዓቱ የሚታመን ነው። ከፕሪንስ ዊልያም የሚነሱት የኦምኒራይድ አውቶቡሶች ደግሞ በኤክስፕረስ ስለሚሄዱ፣ የኤክስፕረሱን ቶል ሳይከፍሉ ፍጥነቱን ያስገኛሉ።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ወጪ በጉዞ | የሰዓት እርግጠኝነት | የሚያዋጣበት አቅጣጫ | የማይሆነው |
|---|---|---|---|---|
| ነጻው ረድፍ | ነዳጅ ብቻ | በጭንቅንቅ ሰዓት ዝቅተኛ | ሁሉም፣ ማለዳና ማታ | ሰዓት ለሚፈርም የጠዋት ሠራተኛ |
| ኤክስፕረስ በክፍያ | ከጥቂት ዶላር እስከ 30 እና በላይ | ከፍተኛ፣ አደጋ ከሌለ | ፔንታጎን፣ ታይሰንስ | ዊልሰን ድልድይ፤ እሑድ ወደ ደቡብ |
| ኤክስፕረስ ሦስት ሆኖ | ነጻ፣ በፍሌክስ | ከፍተኛ፣ አደጋ ከሌለ | ፔንታጎን፣ ዲሲ፣ ታይሰንስ | ብቻውን ለሚመለስ |
| መንገድ 286 | ነዳጅ ብቻ | መካከለኛ | ፌርፋክስ፣ ደለስ | ዲሲና አሌክሳንድርያ |
| ሜትሮ | እስከ 6.75 እና ማቆሚያ | ከፍተኛ | ሬገን ኤርፖርት፣ ፔንታጎን፣ ዲሲ | ከንጋቱ 5 በፊት |
| ቪ አር ኢ | እንደ ርቀቱ | ከፍተኛ | አሌክሳንድርያ፣ ዲሲ | ቅዳሜ እሑድ፣ የሌሊት ፈረቃ |

እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ከዉድብሪጅ ወደ ፔንታጎን ወይም ዲሲ በየቀኑ ለሚሄድ፦ ስላጊንግ ቀዳሚ፣ ኦምኒራይድ ወይም ቪ አር ኢ ተከታይ ነው። ብቻን ከፍሎ ኤክስፕረስ መሄድን ለአስቸኳይ ቀን ማስቀመጥ ይሻላል። ባልና ሚስት አብረው ከሄዱ አንድ ጎረቤት መጨመር የወሩን ሂሳብ ይለውጣል።

ለታይሰንስ ሠራተኛ፦ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በፊት መነሳት ከተቻለ ነጻው ይበቃል። ካልተቻለ ከደቡብ ያለውን ክፍል በነጻው አዝግሞ 495 ላይ ብቻ መክፈል ሁለቱንም ከመክፈል ይረክሳል፤ የትኛው ክፍል እንደቆመ ካርታው ላይ አይቶ መወሰን ነው።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሄድ፦ በሁለቱም በኩል ድልድይ አለ። ከሰዓት በኋላ በዊልሰን በኩል መዞር በርቀት ይረዝማል እንጂ አሜሪካን ሌጅን ላይ ከመቆም ብዙ ጊዜ ይሻላል። በአደጋ ቀን ሁለቱንም ካርታው ላይ ሳያዩ አይነሱ። በምዕራቡ በኩል ከሰዓት በኋላ ለኤክስፕረስ ብዙ መክፈል አይመከርም፤ ምክንያቱ ከላይ ተጽፏል።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ ለሚሠራ፦ ፍሌክስ የግድ ነው። ሁለት ተሳፋሪ ሲጫን ሦስት ይሆናልና ማብሪያው ይገፋል፤ አንድ ተሳፋሪ ሲጫን ይመለሳል። ይህን በየጉዞው መቀያየር የሚረሳ ሹፌር ወይ ገንዘቡን ያጣል ወይ ይቀጣል። ተሳፋሪ እያለ የተከፈለ ቶል በመተግበሪያው በኩል ሊመለስ ይችላል፤ ባዶውን ሲመለስ የሚከፈለው ግን ከኪስ ነው፤ ስለዚህ ባዶ መመለሻ ሁልጊዜ በነጻው ይሁን።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ከደለስ ለሚቀበል፦ ከስፕሪንግፊልድ ደቡብ የሚነሳ ሰው በመንገድ 286 ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በ66 ነጻው ረድፍ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ በ28 ወደ ሰሜን ቢሄድ ያለ ምንም ክፍያ ይደርሳል። በቤልትዌይ ከሄዱ 267 ላይ ሲታጠፉ መሃል ያለውን የኤርፖርት መንገድ ይያዙ፤ ወደ ኤርፖርት ለሚሄድ ነጻ ነው። ከጎኑ ያለው ግን ቶል ያስከፍላል፤ ሰሌዳዎቹ ተጠጋግተው ስለሚመጡ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲሄዱ ሁለት ቢሆኑም ሲመለሱ እንግዳው ሦስተኛ ነውና ፍሌክሱን መግፋት እንዳይረሳ።

ከባድ መኪና ለሚነዳ፦ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ኤክስፕረስ አይገባም፤ ምርጫው ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው። ከ10 እስከ 2፣ ወይም ከምሽቱ 8 በኋላ ማለፍ ይመረጣል።

መኪና ለተከራየ እንግዳ፦ ኤክስፕረስ ከመግባቱ በፊት የኪራይ ውሉን ያንብብ። አንዳንድ ውል ከቶሉ ሌላ ለመሣሪያው በየቀኑ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተገብቶም የብዙ ቀን ሂሳብ ሊመጣ ይችላል። የራሱን ኢዚፓስ ይዞ ከመጣ የተከራየውን መኪና ታርጋ አካውንቱ ላይ ይጨምር፤ መኪናውን ሲመልስ ደግሞ ያንሳው፤ ካልሆነ ቀጣዩ ተከራይ የሚያልፍበት ቶል በእሱ ስም ይቆረጣል።